የተለየው ሣህን

በዚህ ዓምድ ስለ ሕፃናት ተቅማጥ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ሠራተኛ እናት የምሳ ሰዓት ሳይቀር ብዙ ጊዜ ጽፌአለሁ። ስለ ድመት እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። ውድ አንባብያን፣ «ሰው የልጆቹን ቀለብ ለመሙላት በሚጨነቅበት ጊዜ ይህች ሴት ስለ ታመመ ድመት ታወራለች?» ብትሉ ቅር አይለኝም። ሌላ ሰው ጽፎት ባነበው ኖሮ እኔም እንዲሁ እል ነበር። ይሁን እንጂ ነገሩ ከድመት ተነሥቶ ወደ ጓዳዬ፣ ከጓዳዬም አልፎ ብዙ ዓመት ተከድኖ ወደ ቆየ የቤተሰባችን ጉዳይ ስለ ገባ፣ እንደ ሆነው አድርጌ ላቅርበው።

ጊዜው ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ነው። ያኔ ስምንት ዓመት የሆናት ልጄ ከምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ደረጃ ሥር ያገኘቻትን አንዲት የድመት ግልገል በሹራቧ ጠቅልላ ይዛ ገባች። ግልገሏ ከእጅ መዳፍ አትበልጥም፤ ጸጉሯ በዝናብ ተጣብቋል፤ አንድ ዓይኗ በዓይን ዓር ተዘግቷል። በዚያን ቀን በአስቸኳይ የማስረክበው ጽሑፍ ነበረብኝና ቀና ብዬ ሳላይ «አውጪያት!» ብዬ ጮህኩ። ከእኛ ጋር የምትኖረው እናቴም ከምድጃው አጠገብ ሆና «አስም ታመጣለች» ስትል አገዘችኝ። ልጄ ብታለቅስ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። እሷ ግን «እሺ እማዬ፤ አንቺ አውጪያት» አለችና በእጄ ላይ አኖረቻት። የልቧ ትርታ በጣቴ ይሰማኛል። ማውጣት አቃተኝ።

(የአስሙን ነገር ሳልነግራችሁ እንዳላልፍ፦ የድመት ምራቅና ቆዳ አስም ወይም አለርጂ ያለበትን ሰው ሊቀሰቅስበት እንደሚችል እውነት ነው። ድመት ያለበት ቤት ሁሉ አስም ይገባዋል ማለት ግን አይደለም።)

ልጄ ስሟን ጤፌ አለቻት። ጤፌ በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ቀመሰችና ተኛች። በማግስቱ ማታ ታስታውክ ጀመር፤ ሌሊቱን ያስቀምጣት ጀመር። ከሁሉም የከበደኝ የውሃው ነገር ነው። አንገቷን በውሃው ሣህን ላይ ደፍታ ትቀመጣለች፤ ጥም እንደያዛት ያስታውቃል፤ ነገር ግን አትጠጣም። እናቴ ወተት አሞቀች። እኔም ለጨቅላ ከወተት ሌላ ምን ይሰጣል ብዬ መርፌው በወጣለት ስሪንጅ እየቀዳሁ አፏ ውስጥ ጠብ አደረግሁላት። ስሕተት ነበር፤ ተቅማጡን አባባሰው። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ «ትኩሳት ነው፣ ሩብ ፍሬ ፓራሲታሞል ስጫት» አለችኝ። ክኒኑን በማንኪያ እየደቆስኩ ሳለ ነው፣ ወንድሟ የእንስሳት ሐኪም የሆነ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ በስልክ «እንዳትሰጫት!» ብላ የጮኸችብኝ። የድመት ጉበት ያንን መድኃኒት እንደ ሰው ጉበት ሊያብላላው አይችልም፤ ደሟም አየር መሸከም ያቅተዋል። ለሰው የተሠራ አንድ ፍሬ ክኒን አንድን ትልቅ ድመት ሊገድል እንደሚችል እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላውቅም ነበር። በቤታችሁ ድመት ያላችሁ እናቶች ከዚህ ጽሑፍ ሌላ ምንም ባትይዙ ይህን ያዙልኝ።

በነጋታው ከሥራ አስፈቅጄ ወደ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ወሰድኳት። ተራ የያዙት በግ የሚጎትቱ ሰዎች፣ የወተት ላም ስላላቸው መድኃኒት ሊገዙ የመጡ ሽማግሌና አንድ የጥበቃ ውሻ ናቸው። መዝጋቢው ዘንቢሌን ከፍቶ ሲያይ «ለድመት ደግሞ ካርድ ይወጣል እንዴ?» አለና ሳቀ፤ ተራ የያዙትም አብረውት ሳቁ። እኔም ከኀፍረት የተነሣ አብሬ ሳቅሁ። ያችን ሳቄን ዛሬም ሳስታውሳት አልወዳትም።

የተቀበለችን ሐኪም ከእኔ በዕድሜ የምታንስ ሴት ናት። «እኛ ቢሾፍቱ ስንማር አብዛኛው ትምህርታችን ስለ ከብት፣ ስለ በግና ፍየል፣ ስለ ዶሮ ነበር» አለችኝ እጇን እየታጠበች። አይፈረድባቸውም። በ1880 ዓ.ም. ገደማ አገራችን የገባው የደስታ በሽታ ከብቱን ጨርሶ ሕዝቡን ክፉ ቀን ለሚባለው ረኃብ እንደዳረገው የታወቀ ነው። እሱም ቫይረስ ነበር፤ ከዓለም ጨርሶ መጥፋቱ የታወጀው ገና እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በሬ ሲሞት ማሳ ጦሙን በሚያድርበት አገር የእንስሳት ሕክምና በበሬ መጀመሩ ተገቢ ነው። ያም ሆኖ ወጣቷ ሐኪም ስለ ድመትም በግሏ ታነብ ኖሮ ሥራዋን ታውቀው ነበር።

«ፓንሉኮፔኒያ ይባላል» አለችኝ። «ቡችሎችን ከሚጨርሰው ከፓርቮ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። የአንጀቷን ሽፋን ይልጠዋል፤ ነጭ የደም ሕዋሳት የሚሠሩበትን መቅኒም ያደርቀዋል። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለንም። የምንችለው ፈሳሽ መተካት፣ ማሞቅና ሌላ ተባይ እንዳይደርብባት መከላከል ነው።» ከትከሻዋ ቆዳ ሥር ፈሳሽ ሰጠቻት፤ ፀረ ባክቴሪያ መርፌ ወጋቻት። ወተቱን እንዳቆም ነገረችኝ። ዕድሏ ጠባብ መሆኑንም አልደበቀችኝም። እኔም «ለልጆቼ ያሰጋል ወይ?» ብዬ ጠየቅኋት። ይህ ቫይረስ ወደ ሰው እንደማይተላለፍ አረጋገጠችልኝ።

ሁለት ሌሊት አልተኛንም። በፕላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ እየሞላሁ፣ በፎጣ እየጠቀለልኩ ከጎኗ አደርጋለሁ፤ ሲበርድ እለውጣለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ «ነገ ሥራ የለሽም?» ብሎ ነበር፤ በሁለተኛው ሌሊት ግን እሱ ራሱ ውሃ ሲያፈላ አገኘሁት። በሦስተኛው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጤፌ ሞተች። ኮንዶሚኒየም ነውና የምንቀብርበት አፈር እንኳ በእጃችን አልነበረም፤ የግቢው ጥበቃ ከአጥሩ ጥግ ቆፈሩልን። ልጄ ጠዋት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «እማዬ፣ እኔን ከትባችሁኛል አይደል? የክትባት ካርዴን አሳይተሽኛል። እሷን ለምን ማንም አልከተባትም?»

ለዚህ በሽታ ክትባት አለው። ግልገሏ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሲሆናት ይጀመራል፤ አሥራ ስድስት ሳምንት እስኪሞላት ድረስ በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ ይደገማል። ይህን ለልጄ ስነግራት «ታዲያ ለምን?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ቫይረሱ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የሚለቅ አይደለም። በቤት ውስጥ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ሊቆይ ይችላል፤ ተራ ሳሙናና የወለል መወልወያ አይገድለውም። በረኪና ግን ይገድለዋል። ሐኪሟ እንዳዘዘችኝ በአንድ ሊትር ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በረኪና እየበጠበጥኩ፣ አስቀድሜ በሳሙና ያጠብኩትን ወለል ለአሥር ደቂቃ ያህል እያራስኩ አጸዳሁ። የተኛችበትን ጨርቅ ጣልኩት። ያልተከተበ ግልገል ወደዚያ ቤት ለአንድ ዓመት እንዳይገባ አስጠነቀቀችኝ።

ከዚህ በኋላ ድመት በቃኝ ብዬ ነበር። በጥር 2016 ዓ.ም. ግን ይዤ የመጣሁት እኔው ራሴ ነኝ።

ከመሥሪያ ቤት ስመለስ በማልፍበት ልኳንዳ ቤት ጀርባ አንድ ትልቅ ወንድ ድመት ነበር። አንድ ጆሮው ተቀዷል፤ ፊቱ በጠባሳ ተሞልቷል። የሚጣልለትን ሥጋ በአፉ ይይዝና እየጮኸ ይጥለዋል፤ ከአፉ ለሐጭ ይንጠባጠባል። ሦስት ቀን አለፍኩት። በአራተኛው ቀን ዘንቢል ይዤ ሄድኩ። እናቴ ገና ስታየው «ይኼስ የጦር ሜዳ ሰው ነው፤ ሻምበል በሉት» አለች። ስሙም በዚያው ጸና።

ወደ ቤት ሳይገባ በቀጥታ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድነው። ልጄም አብራን ነበረች። ሐኪሙ ከእግሩ ጥቂት ደም ቀድቶ እርግዝና እንደሚታወቅበት ባለ ትንሽ የፕላስቲክ መመርመሪያ ላይ ጠብ አደረገ። ጥቂት ቆይቶ ሁለት መሥመር ታየ። «ኤፍ.አይ.ቪ. የሚባል ቫይረስ አለበት» አለን። «አንዳንዶች የድመት ኤድስ ይሉታል፤ እኔ ግን ያንን ስም ባትጠሩት እመርጣለሁ።» ልጅ ከሁለት ስም የትኛውን እንደሚይዝ ታውቃላችሁ። በዚያው ቀን ማታ ሕንጻው በሙሉ ሰምቷል።

ጎረቤቴ በሩ ላይ ቆማ «እታለም፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ እኔ አላስተምርሽም። ግን ልጆቼ ከዛሬ ጀምሮ እናንተ ቤት አይመጡም» አለችኝ። ባለቤቴ እንኳ ለሦስት ቀን ያህል ሶፋው ላይ አልተቀመጠም፤ ምክንያቱን ስጠይቀው «ወገቤን ያመኛል» አለኝ።

በጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት አስቀድመን የተማርነው ከመጻፍ በፊት መጠየቅን ነው። እኔም ጠየቅሁ፤ አነበብሁም። ቫይረሱ በመጀመሪያ የተለየው እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር ነው። ፔታሉማ በምትባል ከተማ ብዙ ድመቶች በአንድነት በሚኖሩበት ስፍራ አንዱ ከአንዱ እየተከታተለ ሲታመም ኒልስ ፔደርሰንና ጃኔት ያማሞቶ የተባሉ ተመራማሪዎች መንሥኤውን አገኙ። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁትም በዚያው ዓመት መሆኑን ሳይ ገረመኝ። ሁለቱ ቫይረሶች በዘር ይዛመዳሉ እንጂ አንድ አይደሉም፤ የድመቱ ወደ ሰው፣ የሰውም ወደ ድመት አይተላለፍም። ከድመት ወደ ድመት የሚሄደው በአብዛኛው በጥልቅ ንክሻ ነው፤ ምራቅ ወደ ደም ሲገባ ማለት ነው። ስለዚህ በሽታው የሚበዛው በየአጥሩ ሲደባደቡ በሚያድሩ ያልተኮላሹ ወንዶች ላይ ነው። ከማይጣላ ድመት ጋር በአንድ ሣህን በመብላት የመተላለፉ ዕድል እጅግ አነስተኛ ነው። የያዘውም ድመት በእንክብካቤ ለብዙ ዓመታት ሊኖር ይችላል።

ይህን ሁሉ ለቤተሰቤ እንደ ዜና አነበብኩላቸው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ያበቃ መሰለኝ።

በሳምንቱ ዕቃ ሳጥብ የሻምበልን ሣህን ገለበጥኩት። ከሥሩ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቀይ ነጥብ አለች። የጥፍር ቀለም ነው። የሻይ ብርጭቆዬ ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም፤ ያችን ነጥብ አውቃታለሁና።

የእናቴ ታናሽ እህት በ1993 ዓ.ም. ታማ ወደ ቤታችን መጣች። እኛ ልጆች እቴቴ ነበር የምንላት። «ሳንባዋን ያማታል» ተብለን ነበር። ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ነጭ ጣሳ ነበራት፤ ከሥሩ በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ ተደርጎበታል። ሣህኗም፣ ማንኪያዋም፣ የቡና ስኒዋም እንደዚያው ነው። የሚቀመጡት ከእኛ ዕቃ ጋር ሳይሆን በመስኮቱ ደፍ ላይ ነው። እቴቴ ምንም ብላ አታውቅም፤ «ጣሳዬን አቀብዪኝ» ትለኛለች፣ የወርቅ ዋንጫ ይመስል። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ጠምቶኝ ስሮጥ ገብቼ ያገኘሁትን ዕቃ አንሥቼ ውሃ ጠጣሁበት። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ጣሳውን ከአፌ ነጥቃ በጥፊ መታችኝ፤ አፌንም በጨውና በሎሚ እስኪደማ ድረስ አጠበችው። ዞር ስል እቴቴ ከአልጋዋ ላይ ተቀምጣ ታየናለች። አላለቀሰችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጣሳዋን ከመስኮቱ አንሥታ ከትራሷ አጠገብ አኖረችው፤ ራሷ ታጥበዋለች፣ ራሷ ትቀዳበታለች፤ መቆም እስኪያቅታት ድረስ። በመጋቢት 1994 ዓ.ም. ዐረፈች። መድኃኒቱ በአገራችን በነጻ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው።

ሣህኑን ይዤ እናቴ ወዳለችበት ሄድኩ። ብዙ ነገር በደግ አንደበት ሊባል ይቻል ነበር። እኔ ግን «የእቴቴ አልበቃ ብሎሽ ነው?» አልኳት።

እናቴ የምትለቅመውን ምስር አስቀመጠች። «እህቴን ከድመት ታስተካክያታለሽ?» አለችኝ። እውነትዋን ነበር፤ የሰደብኩት እቴቴን ነው። ጥቂት ቆይታ ደግሞ «ያን ጊዜ አራት ልጆች ነበሩኝ። ማን ምን ነገረኝ?» አለች። በሬዲዮ ይነገር እንደነበር፣ በመጠጫና በመመገቢያ ዕቃ እንደማይተላለፍ በዚያ ዘመንም የታወቀ እንደነበር መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም። ለሁለት ሳምንት ያህል ከእህልና ከውሃ በስተቀር ሌላ ወሬ በመካከላችን አልነበረም።

ያም ቢሆን ሻምበል መብላት አለበት፤ ቀን ቀን ቤት የምትውለው ደግሞ እናቴ ናት። ሐኪሙ ካዘዘልን ውስጥ አብዛኛውን የምትሠራው እሷ ሆነች። ድመት በእንጀራና በሽሮ አይኖርም፤ ለዓይኑና ለልቡ የሚያስፈልገው ታውሪን የሚባል ነገር የሚገኘው ከሥጋ ነው። ከውጭ የሚመጣውን የታሸገ ምግብ የእኔ ደመወዝ አይችለውም። ስለዚህ ከልኳንዳው ልብና ጉበት፣ ቁርጥራጭ ሥጋም በርካሽ እንገዛለን። ጥሬውን አንሰጠውም፤ የመከላከል አቅሙ የደከመ ድመት በጥሬ ሥጋ ውስጥ ያለን ተባይ አይቋቋምምና በስሱ ይቀቀላል። አፉ ስለሚቆስል ይደቅቃል። ጨው፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አይገባበትም፤ ሽንኩርት የድመትን ደም ይጎዳል። እንዲኮላሽ አደረግን፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ውጭ አይወጣም። ይህ ለእሱ ሰላም፣ ለሰፈሩም ድመቶች ጥበቃ ነው።

«ለድመት የምታወጪውን ለሰው ብትሰጪው» ያለችኝ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ አለች። ሒሳቡን ሠርቼ አሳየኋት፤ ከባለቤቴ የሲጋራ ወጪ ያንሳል። የሐኪሙ ክፍያ ግን ከበድ ይላል፤ ይህን አልደብቅም። በዚያ ወር ለልጄ ጫማ መግዛቱን አስተላልፌዋለሁ። ልክ ሠርቻለሁ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ሁለት ልብ ነኝ።

ስለ ፍርሃት ካነሣን ዘንድ ግን የሚፈራውን ልንገራችሁ። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ድመትንም ይይዛል፤ ወደ ሰውም ይተላለፋል። ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ሻምበልን ከሁሉ አስቀድመን ያስከተብነው ለዚህ ነው። የማይታወቅ ውሻ ወይም ድመት ልጃችሁን ቢነክስ ወይም ቢቧጭር፣ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ማጠብና በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው። ሥር መበጠስና ነገ እናያለን ማለት ስንቱን ወስዷል። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ደግሞ ስለ ሌላ ነገር ትጠይቁኝ ይሆናል፤ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ በድመት ዓይነ ምድር ሊወጣ ይችላል። የድመቱን መጸዳጃ ሌላ ሰው በየቀኑ ያጽዳላችሁ፤ ተሕዋሱ ከወጣ በኋላ ለመተላለፍ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈጅበታልና። ነገር ግን በዚህ ምክንያት ድመቷን አባራችሁ ጥሬ ክትፎ ብትቀርቡ ከንቱ ነው፤ ጥሬ ሥጋም ይኸንኑ ያስተላልፋል።

በየካቲት መጨረሻ ሻምበልን ለአፉ ቁስል ስንወስደው እናቴ አብራኝ መጣች። ተራ ስንጠብቅ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት አንዲት የከሳች እንስት ድመት በነጠላቸው አቅፈው ከአጠገባችን ተቀመጡ። ከቤታቸው ሌሎች አምስት እንዳሉ ለእናቴ ነገሯት። የእሳቸው ድመት ስትመረመር የድመት ሉኪሚያ ቫይረስ ተገኘባት። ይህኛው እ.ኤ.አ. በ1964 በግላስጎ ዊልያም ጃሬትና ባልደረቦቹ ያገኙት ነው፤ የደም ካንሰርና የደም ማነስ ያመጣል። ሴትዮዋ «ታዲያ ዕቃዋን ልለይ?» ብለው ጠየቁ።

«አዎን እማማ» አለ ሐኪሙ። «ይህኛው በምራቅ ይሄዳል፤ ሲላላሱ፣ በአንድ ሣህን ሲበሉና ሲጠጡ። ክፍሏንም ሣህኗንም ይለዩላት። ሌሎቹንም አምጥተው ያስመርምሩ።»

እናቴ አዳምጣ ስታበቃ «የእኛው ግን አይለይም አልከኝ» አለችው።

«የእናንተው አይለይም።»

«የሰውስ?»

ሐኪሙ አልገባውም። «የሰው ምኑ እማማ?»

«የሰው ኤድስ። በጣሳ ይተላለፋል?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔ ወለሉን አየሁ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ምናልባት እንዲህ ያለ ጥያቄ ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ ሰምቶ አያውቅም። ቢሆንም ቀልዶ አላለፈውም። «አይተላለፍም እማማ፤ በጣሳ፣ በሣህን፣ በመጨባበጥ አይተላለፍም» አላት።

«አውቃለሁ» አለች እናቴ። «ሃያ ዓመት ሙሉ በሬዲዮ ሰምቼዋለሁ። አንድ ሰው ፊቴ ሆኖ እንዲነግረኝ ብዬ ነው።»

ስንመለስ በታክሲ ውስጥ ዘንቢሉን ጭኗ ላይ አድርጋ በመስኮቱ ትመለከታለች። ወደ ሰፈራችን ስንቃረብ «ጣሳዋን አልጣልኩትም» አለችኝ። «ከሣጥኔ ሥር አለ። ልጥለው ስል እጄ እንቢ ይለኛል፤ ላወጣው ስልም እንዲሁ።» ምን ልመልስላት? እጇን ያዝኳት። ሻምበል በዘንቢሉ ውስጥ ያጉረመርማል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ወራት አልፈዋል። ጎረቤቴ ራሷ እስከ ዛሬ ደጃፋችንን አልረገጠችም፤ ልጆቿ ግን እናታቸው ሥራ ስትውል ከልጄ ጋር ለመጫወት ይመጣሉ፤ ይህንንም እሷ እንደምታውቅ አውቃለሁ። አሮጊቷ አንዲቱን ድመት ቀብረዋል፤ ከአምስቱ አራቱ ነጻ ሆነው ተገኝተው ተከትበዋል፤ አምስተኛዋ ለብቻዋ ትኖራለች። ሻምበል ወፍሯል፤ ከሶፋው ላይ ባለቤቴ የሚቀመጥበትን ቦታ ወስዶበታል። ቀይ ነጥብ ያለባት ሣህን አሁንም የእሱ ናት። «ሰው ከድመት ጋር በአንድ ሣህን ይበላል እንዴ?» ትላለች እናቴ፤ በዚህስ ከእሷ ጋር ነኝ።

በዚህ ሳምንት ድዱ እንደገና ቀልቷል፤ የጠዋቱን ምግብ ግማሹን ትቶታል። ሐሙስ በአራት ሰዓት ቀጠሮ አለን። እኔ ስብሰባ ስላለብኝ እናቴ ይዛው ትሄዳለች፤ ዘንቢሉን ትናንት አጥባ ከበረንዳው አስጥታዋለች።